የዘጠና ቀኗ ሻለቃ

ኣምደሚካኤልን መጥላት የጀመርኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሁን አርባ ሦስት ሞልቶኛል። በመሃሉ አግብቻለሁ፣ ፈትቻለሁ፣ ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ጎሮ ላይ ቤት ሠርቻለሁ፣ ለሚ ኩራ ከአዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞች ሥር የመጋረጃ ሱቅ ከፍቻለሁ፤ ጥላቻዬ ግን አንድም ቀን እረፍት ወጥቶ አያውቅም። ጓደኞቼ «ሀጀር፣ ተይው በቃ፣ አላህ ያውቃል» ሲሉኝ፣ «አላህማ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ» እያልኩ አፋቸውን አስይዛቸው ነበር።

የማውቀው ይህ ነበር፦ ኣምደሚካኤል የቀበሌያችን ጸሐፊ ሳለ፣ በራሱ ፈንታ አባቴን ጦር ሜዳ ልኮ አስገደለው።

ያኔ የምንኖረው ገርጂ ነበር። የዛሬውን ገርጂ አታስቡ፤ ያኔ ከኤርፖርቱ አጥር ማዶ ማሳና ጭቃ፣ በመሃሉ ደግሞ የተበታተኑ ቤቶች ነበሩ። አባቴ ኢሳ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ከቤታችን ጋር የተያያዘች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች፤ ሲንጀር መኪናው፣ የመቁረጫ ጠረጴዛው፣ የደንበኞች አግዳሚ ወንበርና ልብስ መለኪያ ተብላ በአቡጀዲ የተጋረደች ጥግ ነበሩባት። አውሮፕላን ሲያርፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጥና መርፌዎቹ ጣሳቸው ውስጥ ይንጫጫሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ እዚያ ነበር። የአባቴ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ስለሚመስል፣ እሱ ሜትሩን ይዞ ቁጥር ይጠራል፣ እኔ በደብተር እጽፋለሁ፤ ስም፣ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ፣ የሱሪ ቁመት። «ስም?» እያልኩ ትልልቅ ወንዶችን ስጠይቅ የነበረኝ ኩራት፣ ዛሬ በገዛ ሱቄ ሦስት ሠራተኛ ሳዝ የለኝም።

ኣምደሚካኤል የዚያች አግዳሚ ወንበር ሰው ነበር። ቁመቱ ረጅም፣ አንገቱ ቀጭን፤ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል፣ የሚጽፈው አንዱ ብቻ ነው። ከቀበሌ ሲወጣ በቀጥታ እኛ ጋ ይመጣና ከአባቴ ጋር ሻይ እየጠጣ ያወራል። እኔን «የሱቁ ሥራ አስኪያጅ» እያለ ይጠራኛል፣ ከኪሱም ከረሜላ አይጠፋም። እወደው ነበር። ይህን ማለት ዛሬም ያንገበግበኛል።

በ1983 ታኅሣሥ ላይ ወሬው መጣ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ወደ መሃል አገር እየገፋ ነበርና፣ በኛ በኩል ያሉት ቀበሌዎች አንድ የበጎ ፈቃድ እግረኛ ሻለቃ እንዲያዋጡ ታዘዙ። ዘማቾቹ ለሦስት ሳምንት ይሠለጥናሉ፣ ከቃለ መሐላው በኋላ ዘጠና ቀን ግንባር ይቆያሉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ተክቷቸው ይመለሳሉ። ሰው ሁሉ ቁጥሯን ወደዳት። «ዘጠና ቀን ምን አላት? አንድ ክረምት እኮ ናት» ይባባል ነበር። በጎ ፈቃድ ይባል እንጂ ኮታ ነበረው፤ ለኛ ቀበሌ አሥራ ሁለት ሰው። አሥራ አንዱ ቶሎ ተገኙ፤ ሥራ ያጣ፣ ከሚስቱ የተጣላ፣ እውነትም አገሬ ያለ። የጎረቤታችን ልጅ ሙነወር እንኳ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ተመዘገበ። አሥራ ሁለተኛው ግን ጠፋ። ሰው ካልተገኘ ጸሐፊው ራሱ ይሄዳል መባሉን እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ስታወራ ሰማሁ።

እናቴ መኪያ ያኔ ወንድሜን ሰዓድን አርግዛ ነበር። ጦርነት የሚባል ቃል ቤታችን ውስጥ አይነሳም። ወንድሟ ናቅፋ ቀርቷል፤ ፎቶው ከአልጋዋ ራስጌ ተሰቅሎ ነበር። ራዲዮ ስለ ግንባር ማውራት ሲጀምር ተነስታ ትዘጋዋለች። ሲከፋት ብቻ «አንተ ደግሞ በገዛ እግርህ ሂድና ታየኛለህ» ትለዋለች። ለምን እንደዚያ እንደምትለው አይገባኝም ነበር፤ ልብስ ሰፊ የት ይሄዳል?

የቀበሌያችንን ዘማቾች ካኪ የመስፋት ሥራ ለአባቴ ደረሰው። አሥራ አንዱ ሰዎች ተራ በተራ እየመጡ ተለኩ፣ እኔም ጻፍኩ። ጠረጴዛው ላይ ካኪ ተከመረ፤ ሱቁ በአዲስ ጨርቅ ሽታ ታፈነ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከመጋረጃዋ ጀርባ ድምፅ ሰማሁ። ደንበኛ ልብስ እየለካ መስሎኝ ቆምኩ። በቀዳዳዋ ሳይ አባቴ ኣምደሚካኤል እግር ሥር ተንበርክኮ ጉልበቱን ይዟል። አባቴ ማንም ፊት ሲንበረከክ አይቼ አላውቅም፤ የሱሪ ቁመት ሲለካ ካልሆነ። ሜትር ደግሞ እጁ ላይ የለም።

«እባክህ ኣምዴ፣ በወለደችህ እናት!»

«አይሆንም አልኩህ እኮ፣ ኢሳ። መኪያን ነገ በየትኛው ዓይኔ ነው የማያት?»

«አንድ መስመር ናት እኮ! አንድ መስመር!»

«ይቺ መስመር ነገ የምታመጣውን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። በዚች ሆዷ!»

«ለልጆቼ ስል ነው የምለምንህ። ወላሂ እስክሞት አልረሳልህም።»

ኣምደሚካኤል አንገቱን እየነቀነቀ እግሩን አስለቀቀና ወጣ። እኔን ሲያይ ፊቱ ልውጥ አለ። ከረሜላ አልሰጠኝም። አባቴ ጉልበቱን አራግፎ መኪናው ላይ ተቀመጠና ፔዳሉን መርገጥ ጀመረ፤ መርፌው ሥር ግን ጨርቅ አልነበረም።

የዘጠኝ ዓመት ጭንቅላት ይህን እንዴት ያነበዋል? አባቴ «ስሜን ሰርዝልኝ» ብሎ ለመነ፣ ያ ሰው «አልሰርዝም» አለ። ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ስሙ ገና የትም እንዳልተጻፈ እንኳ አላሰብኩም።

በማግስቱ አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። ሲያፏጭ አገኘሁት። «ነይ ሀጀርዬ፣ ዛሬ ደግሞ እኔን ለኪኝ» አለኝ። አግዳሚው ላይ ወጥቼ ሜትሩን በደረቱ ዙሪያ አሳለፍኩት፤ ኮርኩሬው ሳቀ። ደረት ዘጠና አራት፣ ወገብ ሰባ ዘጠኝ። እንደ ሥራዬ ወጉ «ስም?» አልኩት። «ኢሳ ብለሽ ጻፊ፣ የአባቴንም የአያቴንም ስም አስከትይ፤ ጥሩ አድርገሽ፣ እንዳትሰርዢ» አለኝ። ከሙነወር መስመር ሥር በሚያምረው ጽሕፈቴ ጻፍኩት። ጥር እየመጣ ስለነበር ለሰርግ የሚሆን ሙሉ ልብስ ሊሰፋ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ከካኪ በቀር አንድ ክንድ ጨርቅ አልነበረም። በካኪ ሰርግ የሚሄድ ሰው የት አይቼ እንደማውቅ እንጃ።

ከሁለት ቀን በኋላ ኣምደሚካኤል ወረቀት ይዞ ቤታችን መጣ። አልቀመጥም አለ። ቆሞ፣ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ፣ በኮታው መሠረት አሥራ ሁለተኛው ሰው ኢሳ እንዲሆን ቀበሌው መወሰኑን አነበበ። እናቴ ጮኸች። «ቤታችን ስትበላ ስትጠጣ ከርመህ! የአንተን ቦታ ነው አይደል የሰጠኸው? አንተ እንድትተርፍ!» አለችው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈና ኪሱ ከተተው። አባቴ ትከሻዋን ይዞ «ምን ይደረግ መኪያ፣ የመንግሥት ነገር ነው። ዘጠና ቀን ናት» አላት። ፊቱ የተረጋጋ ነበር። እንዴት ያለ ጀግና ነው አባቴ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለኣምደሚካኤል ሰላምታ መስጠት ተውኩ። ሲያልፍ መሬት ላይ እተፋለሁ። አንድ ቀን ብስክሌቱን ከቀበሌው በር ላይ አቁሞ ሲገባ በአባቴ ትልቁ መርፌ ሁለቱንም ጎማ ወጋሁለት። እየገፋ ሲሄድ እያየሁ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ሻለቃዋ ሦስት ሳምንት ሜዳ ላይ ሠለጠነች። ጠመንጃ ስላልደረሳቸው በዱላ ነበር የሚለማመዱት። አራት መቶ ስድሳ ሰዎች ነበሩ፤ አናጺ፣ አስተማሪ፣ ሊስትሮ፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ። ጥር 20 ቀን ማሉ። ባንድ ተነፋ፣ ሴቶች የቋጠሩትን በሶና ዳቦ ቆሎ እያቀበሉ አለቀሱ። እናቴ አላለቀሰችም፤ ዓይኗን ከኣምደሚካኤል ላይ አልነቀለችም። ካሚዮኖቹ ከመነሳታቸው በፊት አባቴ ወርዶ ወደሱ ሄደና የሆነ ነገር እጁ ላይ አኖረ። የሱቃችን ቁልፍ ነበር። ዘረፈን አልኩ፤ አባቴንም ወሰደ፣ ሱቁንም ወሰደ። አባቴ ዞሮ እኔን አቀፈኝና «የሱቁ ሥራ አስኪያጅ፣ እናትሽን ጠብቂ» አለኝ። አንገቱ አዲስ ካኪ ይሸት ነበር።

ያን ቀን የሱቁ የቆርቆሮ በር ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ አንድ መስመር አሰመርኩ። በየቀኑ አንድ። አንድ ደብዳቤ መጣ፤ «ደህና ነኝ፣ ቀኑ እየሄደ ነው» ይላል። መጋቢት ላይ ሰዓድ ተወለደ። ሚያዝያ 19 ቀን ዘጠናኛዋን መስመር አሰመርኩና ፀጉሬን ተሠርቼ አስፋልቱ ዳር ተቀመጥኩ። እስኪመሽ አንድም ካሚዮን አልቆመም። በሩ ላይ ባዶ ቦታ ነበረ፤ ማስመሬን ቀጠልኩ።

ምን እንደሆነ የተረዳሁት አሁን፣ የሻለቃዋ ታሪክ ተጽፎ ሳነበው ነው። ወሎ ግንባር፣ አንድ ስም የሌለው ጉብታ ላይ፣ በዘጠናኛው ቀን ጠዋት ሰዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ተሰለፉ። «ቀናችን ሞልቷል» አሉ። የጦር አዛዡ «የሚተካችሁ ሰው አልመጣም፤ ጉብታውን ለማን ትታችሁ ነው የምትሄዱት?» አላቸው። ተከራከሩ፣ አንዳንዱ መሐላችን ፈርሷል ብሎ ጮኸ፤ መጨረሻ ላይ ጓዛቸውን ፈትተው ወደ ምሽጋቸው ተመለሱ። በዘጠና ስድስተኛው ቀን ተጠቁ። ከአራት መቶ ስድሳው መቶ አሥራ ሰባት ተረፈ። ሲከራከሩ አባቴ አንድ ጥግ ተቀምጦ የጓዶቹን የሸሚዝ ቁልፍ ይተክል ነበር ይላል መጽሐፉ።

መርዶውን ያመጣው ሙነወር ነው። ግንቦት ላይ በአንድ እግሩና በሁለት ክራንች መጣ። ለቅሶ ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ኣምደሚካኤል ከሚስቱ ከዘውዲ ጋር ወደ ድንኳኑ ገባ። እናቴ ሰዓድን ለጎረቤት አቀብላ ተነሳች።

«ውጣልኝ! ደሙ በልጆችህ ላይ ይሁን!»

ልጆች አልነበሩትም። ቆሞ ሰማት፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ዘውዲ «ንገራት፣ ኧረ ንገራት!» እያለች እጁን ስትጎትተው አይቻለሁ። ምን እንዲነግራት እንደፈለገች አልጠየቅሁም። ይቅርታ ጠይቃት ማለቷ መስሎኝ፣ ያንንም ነፈገን ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

በዚያው ሳምንት ሱቁን በቁልፉ ከፍቶ ገብቶ፣ ከኮቱ ሥር የሆነ ነገር ደብቆ ሲወጣ አየሁት። ሌባ፣ አልኩ።

ከዚያ ግንቦት 20 ሆነና ከተማዋ ተያዘች። ታጋዮቹ በየሰፈሩ እየዞሩ የድሮ የቀበሌ ሹማምንትን ይፈልጉ ጀመር። ኣምደሚካኤል ጠፋ። ሰው ገጠር ገባ አለ። እኔ ግን የሱቁ በር ከውስጥ መቀርቀሩን አውቅ ነበር፤ ከመርዶው በኋላም ያልተውኩትን መስመር ጠመኔ ይዤ ላሰምር ስሄድ ከውስጥ የተዋጠ ሳል ሰምቻለሁ። በአባቴ ሱቅ! ለእናቴ አልነገርኩም። የራሴ እንዲሆን ፈለግሁ።

አንዲት ፀጉሯ የጎፈረ፣ ኮንጎ ጫማ ያደረገች ታጋይ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ደጃፋችን ላይ ቆማ ውሃ ለመነች። በጣሳ ሰጠኋት። ጠጥታ ጣሳውን ስትመልስልኝ «የቀበሌውን ጸሐፊ ታውቂዋለሽ፣ ቆንጆ?» አለችኝ።

 ጣቴን ወደ ቆርቆሮው በር ዘረጋሁ።

ሲያወጡት ካኪ ቁርጥራጭ ፀጉሩ ላይ ተጣብቆ ነበር። እጁን ወደኋላ አሰሩት። ሲያልፍ አየኝ፤ ጣቴን ገና አላወረድኩም ነበርና ሁሉም ገባው። ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ታሰረ። ከሰሱት እንኳ አልተባለም። ዘውዲ ስንቅ ስታመላልስ ታመመችና እሱ ሳይፈታ ሞተች። ወሬውን ስሰማ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ለዘውዲ አዘንኩ፣ ለሱ ግን «ይበልህ» አልኩ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ያ ጣቴን የዘረጋሁበት ቀን በሕይወቴ ደስ ካሉኝ ቀኖች አንዱ ነበር። ለዓመታት ከመተኛቴ በፊት እንደ ከረሜላ እመጠው ነበር። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ በሕይወት ወጣ።

እናቴ ባለፈው የካቲት አረፈች። እስከ መጨረሻው ስሙን አልጠራችም፤ «ያ ሰው» ነበር የምትለው። መጋቢት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ሀጀር ነሽ? ኣምደሚካኤል እባላለሁ። አላህ ነፍሷን ይማር። የሻለቃዋን ታሪክ ጽፌ ጨርሻለሁ። ሚያዝያ ላይ ኦሎምፒያ አንድ አዳራሽ ውስጥ ይመረቃል። ከሟቾቹ ልጆች አንዷ ሆነሽ ብትናገሪ…»

የሻለቃዋን ታሪክ፣ እሱ! በሱ ቦታ ሌላ ሰው የሞተበት! ድምፄን ማር አድርጌ «እሺ፣ ደስ ይለኛል» አልኩት።  ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስመኘው የነበረውን መድረክ፣ በገዛ እጁ፣ ከነማይክራፎኑ ሰጠኝ። ሦስት ሌሊት ሙሉ ንግግር ጻፍኩ። መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «አባቴን የገደለው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል» የሚል ነበር። መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩት።

እሑድ ከሰዓት ኦሎምፒያ ደረስኩ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ክራንች፣ ከዘራ፣ የሟች ሚስቶች፣ ስልካቸውን የሚነካኩ የልጅ ልጆች። መተላለፊያው ላይ ኣምደሚካኤል ብቻውን ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሸብቷል፣ አንገቱ ከበፊቱ ቀጥኗል። አንተ ልለው ነበር፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ።

«እንደምን ዋሉ» አልኩት።

«ተቀመጪ፤ አላስቸኩልሽም። መድረክ ላይ ምን ልትዪ እንደመጣሽ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ‹ደስ ይለኛል› ስትዪ ነው ያወቅሁት» አለኝና ከላስቲክ ውስጥ አሮጌ ደብተር አወጣ። «ይህን ከሱቁ ያወጣሁ ጊዜ አይተሽኝ ነበር። እናትሽ እንዳታገኘው ብዬ ነው፤ ለዘውዲ ሰጥቼያት ተርፎ ቆየ። አሥራ ሁለተኛዋን መስመር አንብቢ።»

አነበብኩ። ኢሳ፣ ከነአባቱ ከነአያቱ። ደረት 94፣ ወገብ 79። ሥርዝ ድልዝ የሌለው የሦስተኛ ክፍል ጽሕፈት።

«ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ የላክነው ዝርዝር ከዚህ የተገለበጠ ነው» አለ። «አባትሽ እንድጽፈው ለመነኝ። እናቱና እህቱ ወሎ፣ ከግንባሩ ማዶ ቀርተው፣ መንገድ ከተዘጋ ዓመት አልፎት ነበር። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አያውቅም። ‹በዚህች ሻለቃ ካልሆነ የምደርስበት ሌላ መንገድ የለኝም› አለኝ። እናትሽ ደግሞ በገዛ እግሩ ከሄደ ሚስቱ እንዳልሆነች ምላለች። ‹ቀበሌው ላከኝ እላታለሁ፣ አንተ ላይ ይሁን› አለ። እምቢ አልኩት፤ ጉልበቴን ይዞ ሲለምነኝ አይተሻል። ‹በእጄ አልጽፈውም› አልኩት። በማግስቱ ይህን ይዞልኝ መጣ። ‹ሀጀር ጻፈችው› አለኝ፣ እየሳቀ።»

«ውሸት ነው» አልኩ። ግን ጽሕፈቱ የኔ ነው። ማንበብ ባልችል በወደድኩ።

«እኔም ቅዱስ አልነበርኩም። አሥራ ሁለተኛው ቦታ የኔ ነበር። በሱ ስም ሲሞላ ትንፋሼ ተመለሰ፤ ይህን መጽሐፉ ውስጥ ጽፌዋለሁ፤ የሱን ምስጢር ግን አልጻፍኩም። ስለዚህ ዘጠና ቀን እናትሽ ብትረግመኝ ምን አለበት ብዬ ተሸከምኩለት። ‹ስመለስ ራሴ እነግራታለሁ፣ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል› ብሎ አስማለኝ። አልተመለሰም።»

«ለምን አልነገሩንም? ሲያስሩዎት፣ ዘውዲ ስትሞት፣ ለምን?»

«አስምሎኝ የሞተን ሰው ቃል እንዴት አድርጌ ላፍርስ? እናትሽ እስካለች ድረስ አፌ ተይዞ ነበር። አሁን እሷም አረፈች።» ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። «አንቺ ጣትሽን ስትዘረጊ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ ልጅ ነሽ አልኩ። ከዚያ አሥራ አምስት ሆነሽ መንገድ ላይ ስታገኚኝ ተፋሽ። ሃያ አምስት ሆነሽ ተፋሽ። ይህን የምነግርሽ እንዲቀልልሽ አይደለም፣ ሀጀር። እንድታውቂው ነው። አሁን ግቢና ልትዪ የመጣሽውን በይ፤ ፊት ለፊትሽ እቀመጣለሁ።»

ስሜ ተጠራ። እንዴት እንደተራመድኩ አላስታውስም። ማይክራፎኑ ፊት ቆሜ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ንግግር ነካሁት። ማንበብ እችል ነበር። እውነቱን ከሁለታችን በቀር ማንም አያውቅም፤ ሰው ሁሉ ያምነኛል፣ ኣምደሚካኤልም በሰው ፊት ውርደቱን ጠጥቶ ይሞታል። ይህን አሰብኩ፤ አሰብኩት ብቻ ሳይሆን አማረኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የቀለብከውን ነገር በአምስት ደቂቃ ቅበር ሲሉህ እጅህ እሺ አይልም። ከዚያ ደግሞ ንዴቴ አባቴ ላይ ዞረ። ለእናቴ መናገር የፈራውን ቃል በኔ እጅ አጽፎ፣ ለወዳጁ የማይሸከመውን ጭኖ፣ ቁልፍ ሲተክል የሞተው አባቴ! እሱን በምን ልበቀለው?

«የኢሳ ልጅ ነኝ» አልኩ። «አባቴን ማንም አልላከውም። ራሱ ነው የሄደው። ስሙን በመዝገብ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በደሙ የወነጀልነው ግን ጋሽ ኣምደሚካኤልን ነው። ለታጋዮች ጠቁሜ ያሳሰርኩትም እኔ ነኝ። ሚስቱ በዚያ ሐዘን ሞተች። ዛሬ ደግሞ እዚህ የመጣሁት ላዋርደው ነበር።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ሙነወር ክራንቹን እያንኳኳ ተነሳ። ሽማግሌዎች «አላህ ይስጥሽ!»፣ «እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ ተሳሳሙ!» እያሉ ይጮኹ ጀመር። ነገራችን እንዲህ ነው፤ ሰው ጥፋቱን ካመነ በኋላ መሳም ይከተላል፣ ከዚያ ሁሉም እፎይ ብሎ ወደ ለስላሳው ይሄዳል። አንዷ እናት ከወዲሁ እልል አሉ። ከመድረኩ ወርጄ እያለቀስኩ እጄን ዘርግቼ ሄድኩ። እንደሚያቅፈኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ኣምደሚካኤል ተነሳ። እጄን አልያዘውም።

«ይቅር በላት እንጂ ኣምዴ፣ ልጅ ነበረች» አለ ሙነወር ትከሻውን ይዞ።

«ሙነወር፣ ልቀቀኝ። ለአባቷ ዘጠና ቀን ብዬ ሠላሳ አራት ዓመት ተሸከምኩ። ዛሬ ከላዬ ወረደ። ከዚህ በኋላ እሷ ትሸከመው።»

ባርኔጣውን ከወንበሩ ላይ አነሳና በመሃሉ መተላለፊያ ወጣ። ሽማግሌዎቹ «ኧረ ተው፣ ነውር ነው!» እያሉ ቢከተሉትም ዞር አላለም። ሙነወር «ሩጪ፣ እግሩ ላይ ውደቂ፣ ይምርሻል» ብሎ ወደ በሩ ገፋኝ። አልሮጥኩም። ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰውየውን እንደኔ የሚያውቀው አልነበረም፤ እኔ በሱ ቦታ ብሆን አልምርም ነበር።